ቤት የሚያምረው ከእግሩ ጀምሮ ነው

እሑድ ጧት ቡናው እስኪፈላ ድረስ አረፍ ብሎ የቤቱን ግድግዳ የማይመለከት ሰው ጥቂት ነው። ዓይን ሥራ ሲፈታ እንከን ይፈልጋልና ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ያልታየው ስንጥቅ በእሑድ ይታያል። የኮርኒሱ አቡጀዲ በፍሳሽ መበከሉ፣ የበሩ ጥግ መላጡ፣ ከአልጋው ራስጌ ያለው ግድግዳ መጥቆሩ ሁሉ በዚያ ሰዓት አንድ በአንድ ይቆጠራል። ከዚህም የተነሣ ብዙዎቻችን «በሚመጣው ደመወዝ ቀለም እገዛለሁ» ብለን ለራሳችን ቃል እንገባለን። ዛሬ ብዕራችንን ያነሣነው ይህን ቃል ለመከልከል አይደለም፤ ቀለም ከመገዛቱ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው አንድ ጥያቄ ስላለ ነው። ይኸውም «ግድግዳው ደርቋል ወይ?» የሚል ነው።

የምንናገረው ስለ ጭቃ ቤት ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ለከተማው ሕዝብ ቋሚና ማገር ሆነለት፤ ጭድ የተቀላቀለበት ጭቃ ልብሱ፣ ቆርቆሮም ባርኔጣው ሆነ። ዛሬ በብዙ ሰፈር እንዲህ ያለው ቤት እየፈረሰ በፎቅ ቢተካም፣ በከተማም ሆነ በገጠር በጭቃ ግድግዳ ውስጥ የሚኖረው ሰው አሁንም ብዙ ነው። ስለ ቤት ማሳመር የሚጻፈው ግን አብዛኛውን ጊዜ ለባለ ቪላው ነው። በጭቃ ቤት የሚኖረውም ሰው ያንኑ እያየ ለቪላ የተባለውን መድኃኒት ለራሱ ቤት ይገዛል። መድኃኒቱ ለሌላ በሽታ የታዘዘ ነውና ሕመሙን ያብሳል።

ይህን የምንለው ከሰው ሰምተን አይደለም፤ ጥፋቱን ራሳችን ሠርተነዋል። ከዩኒቨርሲቲ ተመርቀን ሥራ በያዝን በጥቂት ወራት ውስጥ ካጠራቀምነው ደመወዝ የእናታችንን ቤት ለማሳመር ተነሣን። ቤቱ አባታችን በሕይወት ሳሉ ያሠሩት ባለ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ነው። እናታችን በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ በገዛ እጃቸው ጭቃ አቡክተው የተላጠውን ይመርጉ፣ ኖራም ይቀቡ ነበር። እኛ ግን «እማዬ፣ ከእንግዲህ ወዲህ እጅሽ ጭቃ አይነካም» ብለን በግንቦት ወር ሲሚንቶና አሸዋ አስመጣን። የውጭውን ግድግዳ ከመሬት እስከ መስኮቱ ድረስ በሲሚንቶ ለሰንነው፤ ውስጡን ደግሞ የሚያብለጨልጭ የዘይት ቀለም፣ ያውም ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ፣ ቀባነው። ጎረቤት ተጠርቶ ቡና ተፈላ፤ ተመረቅንም። «መማር እንዲህ ነው!» ያሉን ሳይቀሩ ነበሩ።

ደስታው እስከ ሐምሌ አጋማሽ ቆየ። ከዚያ በኋላ ቀለሙ ፍል ውሃ እንደ ነካው ቆዳ እዚህም እዚያም ያብጥ ጀመር። ቤቱ እርጥብ እርጥብ ሸተተ፤ በሣጥን ያለው ልብስ ሻገተ። በነሐሴ አንድ ሌሊት ከእናታችን አልጋ ራስጌ ገበታ የሚያህል ጭቃ ከነቀለሙ ተገንጥሎ ወደቀ። እናታችን በዚያች ሰዓት ለጸሎት ተነሥተው ነበርና አልነካቸውም፤ ትራሳቸውን ግን ቀበረው። ሲነጋ የተገለጠውን ግድግዳ ብንመረምር የቋሚዎቹ እግር በእጅ እስኪፈረፈር ድረስ በስብሶ አገኘነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው በእኛ ደረሰ።

በሰፈራችን በምርጊት ሥራ የታወቁ፣ ሁላችንም «እማማ» የምንላቸው አንዲት አሮጊት አሉ። ወሬውን ሰምተው መጡና ጣታቸውን ከግድግዳው ግርጌ ሰደው አወጡ። ጣታቸው እርጥብ ነበር። «ይኸውልህ ልጄ፣ ቤቱ አልቦታል። ከውጭም ከውስጥም ላስቲክ አልብሰኸው በየት ይተንፍስ?» አሉን።

አነጋገራቸው ቀልድ ቢመስልም በትምህርት ቤት የተማርነው ፊዚክስ ከዚህ የተለየ አይናገርም። የጭቃ ግድግዳ ውሃ ይጠጣል፤ የጠጣውንም መልሶ ይተነፍሳል። ውሃው የሚመጣበት መንገድ ሦስት ነው። አንደኛው ከቆርቆሮው ጫፍ ወርዶ ከመሬት የሚፈናጠቀው ነው። ሁለተኛው ከመሬት ወደ ላይ የሚሳበው እርጥበት ነው። ሦስተኛው በቤት ውስጥ ከሰው ትንፋሽና ከድስት የሚወጣው እንፋሎት ነው። ጭቃው ይህን ሁሉ ተቀብሎ ፀሐይና ነፋስ ሲያገኝ ይለቀዋል። ሲረጥብ ጥቂት ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል። ሲሚንቶ ግን ደረቅ ነውና አብሮት አይንቀሳቀስም፤ ስለዚህ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ያወጣል። የዝናቡ ውሃ በዚያ ስንጥቅ ይገባል፤ ከገባ በኋላ ግን ልስኑ በቀላሉ አያስወጣውም። ከውስጥ ደግሞ የዘይት ቀለሙ በሩን ይዘጋበታል። በመካከል የታሰረው ውሃ ጭቃውን ያላሽቃል፤ እንጨቱን ያበሰብሳል፤ ምስጥም ይጠራል።

ሲሚንቶን መስደባችን አይደለም። እንግሊዛዊው ጆሴፍ አስፕዲን እ.ኤ.አ. በ1824 «ፖርትላንድ» ብሎ ለሰየመው ሲሚንቶ የፈጠራ መብት ካገኘ ወዲህ የዓለም ከተሞች በዚህ ዱቄት ቆመዋል። ለድንጋይና ለብሎኬት ቦታው ነው። ጥፋቱ ያለቦታው ያዋልነው ሰዎች ነው።

እንግዲህ ሥራውን እንደገና በእማማ መሪነት ጀመርን፤ ቅደም ተከተሉንም ለአንባቢዎቻችን እንነግራለን። መጀመሪያ የተሠራው ከግድግዳው ውጭ ነው። የተበሳው ቆርቆሮ ተደፈነ፤ ውሃው ግርጌውን እንዳይመታ በክዳኑ ጫፍ አሸንዳ ተገጠመ። ባለፉት ዓመታት በግድግዳው ሥር የተከመረው አፈር ተዝቆ መሬቱ ከቤቱ ወደ ውጭ እንዲያዘቀዝቅ ተደረገ፤ ቦይም ወጣለት። ይህ ሥራ ዓይን የሚማርክ አይደለም፤ እንግዳም አያደንቀውም። ነገር ግን ከቀለም ሁሉ ይበልጣል።

ሁለተኛው ማራገፍ ነው። ሲሚንቶውና ቀለሙ በጥንቃቄ ተቀረፈ፤ የበሰበሱት ቋሚዎች አንዱ ወጥቶ ሌላው እስኪተካ ድረስ ጣራው በድጋፍ ቆመ። ይህን ያለ አናጢ መሞከር አደጋ ነውና እኛም አናጢ ጠርተናል። ከዚያም ግድግዳው ራቁቱን ሆኖ የጥቅምትን ፀሐይ ጠጣ። እዚህ ላይ መቸኮል የለም፤ ያልደረቀ ግድግዳ የተቀባውን ሁሉ ይመልሳል።

ሦስተኛው ጭቃው ነው። ጥቁሩ መረሬ አፈር ሲረጥብ አብጦ ሲደርቅ ይሰነጠቃልና ለምርጊት አይሆንም፤ ቀይ አፈር ይመረጣል። አፈሩን ለመፈተን ግማሽ ያህሉን በብርጭቆ ማሰሮ አድርጎ ውሃ መሙላትና አጥብቆ መነቅነቅ ነው። ሲረጋ አሸዋው ከታች፣ የላመው ከላይ ይተኛል። የላመው ከበዛ ጭቃው ስለሚሰነጠቅ አሸዋ ይጨመርበታል። ከዚህ በኋላ የጤፍ ጭድ ገብቶበት በእግር ይረገጣል፤ በየቀኑ እየተገላበጠ ለቀናት ይቦካል። ጭዱ ጭቃውን እንደ ክር ይይዘዋል። የመጀመሪያው ምርጊት ደርቆ ስንጥቁን ካሳየ በኋላ፣ በደቃቅ ጭቃና በእበት ሁለተኛው ልቅለቃ ይደረግበታል። እኛ በመጀመሪያው ቀን የመረግነውን እማማ አይተው «ይኸ የቁጣ ምርጊት ነው» አሉና አስፈረሱን። እጅ ጭቃውን ወደ ግድግዳው መግፋት አለበት እንጂ መለጠፍ የለበትም።

አራተኛው ኖራው ነው። ኖራ ማለት የኖራ ድንጋይ በ900 ዲግሪ ያህል ሙቀት ተቃጥሎ የሚገኝ ነው። በውሃ ጠፍቶ ግድግዳ ላይ ሲቀባ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ተመልሶ ወደ ድንጋይነት ይለወጣል፤ ሆኖም ግድግዳውን አያፍንም። ነገር ግን ያልጠፋ ኖራ ውሃ ሲነካው ይፈላል፤ ዓይንንም ያሳውራል። ስለዚህ በላስቲክ ባልዲ ሳይሆን በብረት ዕቃ ይጥፋ። ኖራው ጥቂት በጥቂት ወደ ውሃው ይጨመር እንጂ ውሃው በኖራው ላይ አይፍሰስ። ዓይንና እጅ ይሸፈን፤ ሕፃናትም ይራቁ። ከዚያ እንደ ወተት ቀጥኖ ይጠለልና ግድግዳው በውሃ ራስ ከተደረገ በኋላ ይቀባል። አንድ ጊዜ ወፍራም አድርጎ ከመቀባት በየቀኑ አንዳንድ ጊዜ ሦስት አራቴ ስስ አድርጎ መቀባት ይሻላል። ነጭ የማይወድ ሰው የተነፋ ቀይ ወይም ቢጫ አፈር ቢጨምርበት ለዓይን የሚለሰልስ ቀለም ያገኛል።

ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው ስለ ጌጥ መነጋገር የሚቻለው። ለዚህም አገራችን አስተማሪ አላት። በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበችው የሐረር ጀጎል ቤቶች ውስጥ የገባ ሰው፣ ነደባ በሚባሉት ከፍና ዝቅ ያሉ መደቦች ላይ ተቀምጦ ግድግዳውን ቢያይ፣ ስፌትና ሳሕን ተደርድሮ ያገኛል። የዕለት ዕቃ ራሱ ጌጥ ነው። እኛም ይህን አስበን በየሣጥኑ ተከተው የነበሩትን የእናታችንን ስፌቶች አውጥተን በነጩ ግድግዳ ላይ ሰቀልናቸው፤ አቡጀዲውን አጥበን መልሰን ወጠርነው፤ ብርሃኑን የጋረደውንም ቁም ሣጥን ከመስኮቱ አራቅነው። ክፍሉ የሰፋ መሰለ።

«በየዓመቱ ጭቃ መንካት ኋላ ቀርነት አይደለም ወይ?» የሚል ይኖራል። እኛም እንዲሁ እንል ነበር። ግን በማሊ፣ በጄኔ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1907 እንደገና የታነጸው ታላቅ መስጊድ ከጭቃ የተሠራ ነው፤ እስከ ዛሬ የቆመው የከተማው ሕዝብ በየጊዜው ተሰብስቦ በእጁ ስለሚመርገው ነው። የጭቃ ቤት ጠላቱ እርጅና ሳይሆን መረሳት ነው። እናታችን በየዓመቱ ያደርጉት የነበረው ልቅለቃ ድህነት መስሎን ነበር፤ ለካ ቤቱን ይህን ያህል ዘመን ያቆመው እርሱ ኖሯል። ዩኒቨርሲቲ ገብተን ብዙ ተምረናል፤ ይህን ግን ለመጠየቅ አላሰብንም ነበር።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ቀለም ከመግዛትህ በፊት ከአልጋህ ራስጌ ጎንበስ በልና የግድግዳህን ግርጌ በጣትህ ንካ። እርጥብ ከሆነ ገንዘብህን ለአሸንዳና ለቦይ አድርገው።

እናታችን አልጋቸውን ወደ ቀድሞ ቦታው የመለሱት በታኅሣሥ ነው። ቀን መርጠው፣ ቤቱን ጠርገው፣ ቄጤማ ጎዝጉዘው ነበር። አልጋውን ተሸክመን በር ላይ ስንደርስ ግን «ቆይ» አሉን፤ ወደ ግድግዳው ሄደው ጎንበስ ብለው ጣታቸውን ሰደዱ፤ አውጥተውም አዩት። ከዚያ በኋላ «አሁን አግባው» አሉን።