ከልጃችሁ ቦርሳ የወጣው የመድኃኒት ፈቃድ ወረቀት



በየዓመቱ በኦገስት መጨረሻ፥ የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ሊከፈቱ ሲሉ፥ ከእሑድ አምልኮ በኋላ ወረቀት ይዘው የሚመጡ ወላጆች አሉ። «ፓስተር፥ ይህ ምን ይላል?» ይሉኛል። አንዳንዱ ከልጁ ቦርሳ ግርጌ ተጨማዶ የተገኘ የመድኃኒት ፈቃድ ቅጽ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት እህት ይህን ቅጽ ሳትፈርም ቀረች። ልጇ አስም ነበረበት። በጾም ጸሎታችን ወቅት ጸልየንለት ቀለል ብሎት ስለ ነበር፥ «አሁን ብፈርም ጌታን አለማመን ይሆንብኛል» ብላ አሰበች። ይህን ያሰበችው እኔ ከመድረክ በተናገርሁት ነገር ምክንያት እንደ ሆነ የነገረችኝ በኋላ ነው። በኦክቶበር ወር አንድ ቀን ልጁ በስፖርት ክፍለ ጊዜ ትንፋሽ አጠረው። ነርሷ ዘንድ የእርሱ ኢንሄለር አልነበረም፤ ፈቃድም አልነበረም። አምቡላንስ ተጠራ። ጌታ ይመስገን ልጁ ተረፈ፤ እናቱ በሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ያየችኝን አስተያየት ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

እግዚአብሔር እንደሚፈውስ ዛሬም አምናለሁ፥ እሰብካለሁም። ነገር ግን ኢሳይያስ ለሕዝቅያስ የፈውስን ቃል ካመጣለት በኋላ የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ እንዲደረግ አዝዟል (ኢሳ. 38፥21)። ጳውሎስም ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱ ሕመም መክሮታል (1ጢሞ. 5፥23)። ጌታ ያነጻውን ለምጻም ሄዶ ራሱን ለካህን እንዲያሳይ አዘዘው (ሉቃ. 5፥14)። ልጃችሁ ከተፈወሰ ሐኪሙ መርምሮ መድኃኒቱን ያቁመው። እናንተም እኛም መጋቢዎች ይህን በራሳችን ልንወስን አይገባንም።

ወደ ወረቀቱ ልመለስ። ዝርዝሩ እንደ ስቴቱና እንደ ትምህርት ቤቱ ይለያያል፥ ዋናው ሐሳብ ግን ተመሳሳይ ነው። በሐኪም የታዘዘ መድኃኒት በትምህርት ቤት እንዲሰጥ የሐኪሙም የወላጁም ፊርማ ይጠየቃል። የመድኃኒቱ ስም፥ መጠኑና የሚሰጥበት ሰዓት ይጻፋል። ቅጹ ብዙውን ጊዜ ለአንድ የትምህርት ዓመት ብቻ ስለሚያገለግል የአምናው ዘንድሮ አይሠራም። መጠኑ ከተለወጠም አዲስ ትእዛዝ ያስፈልጋል። መድኃኒቱን ፋርማሲው ስሙን በለጠፈበት ዕቃ እንዳለ ወላጅ ራሱ ቢያደርስ ይመረጣል፤ ብዙ ትምህርት ቤቶች ከተማሪ እጅ አይቀበሉም። ፋርማሲውን ከጠየቃችሁት ለትምህርት ቤት የሚሆን ሁለተኛ ዕቃ ለጥፎ ይሰጣችኋል።

እኛ አንዲት ፍሬ በሶፍት ጠቅልለን በልጁ ኪስ መክተት ልማዳችን ነው። እዚህ አገር ግን ታይሌኖል እንኳ ቢሆን ያለ ፈቃድ ከተገኘበት ልጁን ሊያስቀጣው ይችላል። ለጓደኛው ካካፈለማ ነገሩ ይከብዳል።

ኢንሄለርና ኤፒፔን ለየት ይላሉ። አስም ያለበት ተማሪ ኢንሄለሩን ራሱ እንዲይዝ የሁሉም ስቴቶች ሕግ ይፈቅዳል፤ ለዚህም ቢሆን ፊርማችሁ ይጠየቃል። ኤፒፔንን በተመለከተ በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣ የፌዴራል ሕግ ትምህርት ቤቶች ለድንገተኛ አለርጂ የሚሆን መድኃኒት እንዲያስቀምጡ ስቴቶችን ያበረታታል። ለልጃችሁ የታዘዘውን ግን እናንተው አድርሱ።

እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ እባካችሁ ልጁን አታስተርጉሙት። የዘጠኝ ዓመት ልጅ የራሱን መድኃኒት መጠን ለእናቱ ሲተረጉም አይቼ ደንግጫለሁ። የመንግሥት ትምህርት ቤቶች አስተርጓሚ ሲጠየቁ ያለ ክፍያ ያቀርባሉ፤ መሠረቱም የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ነው። በሜሪላንድ እንደ ሞንጎመሪ ካውንቲ፥ በቨርጂኒያ እንደ ፌርፋክስ ባሉ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባቸው ቦታዎች በአማርኛ የተዘጋጁ ጽሑፎችም አሉ።

ሌላም ፍርሃት እሰማለሁ፦ «መምህሯ ልጄ አልረጋ ስላለ መድኃኒት ይጀምር ትለኛለች፤ እምቢ ካልሁ ያባርሩታል?» አያባርሩትም። በ2004 እ.ኤ.አ. የተሻሻለው የፌዴራል የልዩ ትምህርት ሕግ፥ ልጁ ትምህርት ቤት ለመግባት ቁጥጥር የሚደረግበት መድኃኒት እንዲወስድ ማስገደድን ይከለክላል። መምህሯ ያየችውን መንገር ግን ትችላለች። ባትቆጧት መልካም ነው፤ በክፍል ውስጥ የምታየውን እኛ ቤት ላናየው እንችላለን። ውሳኔው የእናንተና የሐኪሙ ነው።

የሚጥል በሽታ ያለበትን ልጅ «ሰው ይሰማል» ብለው ከነርሷ የሚደብቁም አሉ። የተማሪው መዝገብ ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕግ የተጠበቀ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ለማኅበረሰባችን ሰው አያወራውም። ልጁ ቢወድቅ ምን መደረግ እንዳለበት ቀድሞ የሚያውቅ ሰው በአጠገቡ ይኑር።

በጁን ትምህርት ሲዘጋ ደግሞ የተረፈውን መድኃኒት ሄዳችሁ ተረከቡ። ወላጅ ያልወሰደውን ብዙ ትምህርት ቤቶች ያስወግዱታል፤ ኢንሄለርና ኤፒፔን ደግሞ ርካሽ አይደሉም።