የደርዘን ደብተር ዋጋ የት ይመዘገባል?

መስከረም ሲጠባ ከእነማይ ቀበሌዎች ወደ ቢቸና፣ ከሁለት እጁ እነሴ ወደ ሞጣ የሚገባ የገጠር ተማሪ ከጭነቱ ይለያል፤ ስንቅ የተቋጠረበት ማዳበሪያ፣ የተጠቀለለ ምንጣፍ፣ ከሥሩ ደብተር። ሦስት አራት ሆነው አንዲት የጭቃ ክፍል ይከራያሉ፤ ስንቁ ሲያልቅ ቅዳሜና እሑድን ጠብቀው በእግራቸው ወደ ቤት ይመለሳሉ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመንግሥት ትምህርት እስከ 10ኛ ክፍል ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ደንግጓል። አባት ግን ልጁን ለማስተማር ጤፍ ሸጧል። ያ የጤፍ ገንዘብ በአገሪቱ የዋጋ ንረት መዝገብ ውስጥ «ትምህርት» በሚለው ረድፍ ቢፈለግ አይገኝም።

ምክንያቱ አመዳደቡ ነው። እስከ 2014 ዓ.ም. ማዕከላዊ ስታትስቲክስ ኤጀንሲ ይባል የነበረው የኢትዮጵያ ስታትስቲክስ አገልግሎት በ119 የገበያ ቦታዎች በየወሩ የችርቻሮ ዋጋ ሲሰበስብ፣ ታኅሣሥ 2009 ዓ.ም.ን እንደ 100 ይዞ ለውጡን ሲያሰላ ቆይቷል። ወጪዎች በ12 ምድብ ይከፈላሉ። አገሮች በጋራ በሚጠቀሙበት በዚህ አመዳደብ «ትምህርት» ማለት ለትምህርት ቤት የሚከፈል ክፍያ ብቻ ነው። የክፍሉ ኪራይ ከመኖሪያ ቤት፣ ዩኒፎርሙ ከልብስ፣ የመኪናው ሒሳብ ከትራንስፖርት፣ ስንቁ ከምግብ ጋር ይቆጠራል። ደርዘን ደብተርና እስክሪብቶ ደግሞ «መዝናኛና ባህል» ከሚለው ምድብ ይገባሉ። እኔ ይህን መጀመሪያ ስረዳ እጅግ ገርሞኛል፤ ስሌቱ ትክክል ነው፣ አንባቢው ግን «የትምህርት ዋጋ ብዙም አልጨመረም» የሚል መደምደሚያ ይዞ ይሄዳል።

ሁለተኛው ጉዳይ ክብደቱ ነው። እያንዳንዱ ምድብ ድርሻው የሚወሰነው ቤተሰቦች በሚያወጡለት ገንዘብ ልክ ነው። ምግብ ከግማሽ በላይ ይወስዳል፤ ለትምህርት የሚቀረው እጅግ አነስተኛ ነው። በጤናም እንዲሁ ነው፤ አቅም አጥቶ ሕክምናውን የተወ ሰው ምንም አላወጣምና፣ መተዉ ራሱ የጤናን ድርሻ ዝቅ ያደርገዋል። ይህ መመዘኛ የተከፈለውን ይለካል፤ ቤት የቀረውን በሽተኛ አይቆጥርም።

የሞጣውንም ሆነ የቢቸናውን ታማሚ እንውሰድ። ሪፈር ተጽፎለት ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም ወደ ባሕር ዳር ሲሄድ አስታማሚ ይከተለዋል። የካርዱ፣ የምርመራውና የመድኃኒቱ ወጪ «ጤና» ይባላል። የመኪናው ሒሳብ፣ የአስታማሚው አልጋና ምግብ ግን ሌላ ቦታ ይመዘገባሉ። ብዙ ጊዜ የሚከብደው ደግሞ ይኸው ሁለተኛው ነው። በ2003 ዓ.ም. ደቡብ አቸፈርን፣ ፎገራንና ተሁለደሬን ጨምሮ በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ የተስፋፋው የማኅበረሰብ ጤና መድን የሕክምናውን ወጪ ያቃልላል። ይሁን እንጂ ከሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት «ይኼ የለም» የተባለ አባል ማዘዣውን ይዞ ወደ ግል መድኃኒት ቤት መሄዱ አይቀርም። በርካታው መድኃኒት ከውጭ በምንዛሪ የሚገዛ ነው፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ከ100 ብር አልፏል።

ቢቸና በጤፏ የታወቀች ናት። አዲስ አበባ ጤፍ ተወደደ ብሎ ሲጨነቅ ለዚህ አገር ገበሬ ገቢው ነው፤ ስለዚህ እሱን የሚመለከተው ጥያቄ «ዋጋ በስንት በመቶ ጨመረ?» ከሚለው ይልቅ «ለአንድ የደብረ ማርቆስ ሕክምና ስንት ቁና ጤፍ ልሽጥ?» የሚለው ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በቀጠለው ጦርነት መንገድ ሲዘጋ ጤፉም ገበያ አይወጣም፣ ታማሚውም አይደርስም። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ደግሞ የሚከፈል ኪራይ የለምና ወጪው የቀነሰ ይመስላል።

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። ስታትስቲክስ አገልግሎቱ የትምህርትንና የጤናን ዋጋ በየከተማው ለይቶ፣ ለአገሬው ሰው በሚገባ አማርኛ ያውጣ። የወረዳ ትምህርትና ጤና ጽሕፈት ቤቶች ደግሞ በየመስከረሙ የአንድ ተማሪ ክፍል ኪራይ፣ የደርዘን ደብተር፣ ወደ ሪፈራል ሆስፒታል ደርሶ መልስ የሚወስደውን ገንዘብና የዚያን ቀን የጤፍ ዋጋ በአንድ ገጽ ጽፈው ይለጥፉ።