ሸፐርድ፦ በመዝገብና በሜዳ

ለቡም ሆነ ጀሞ፣ መካኒሳም ሆነ ላፍቶ፣ «ኃይለኛ ውሻ አለ» የሚል ጽሑፍ የግቢ በር ላይ ማየት የተለመደ ነው። ከበሩ ጀርባ ያለው የሐበሻ ውሻ ካልሆነ፣ ብዙ ጊዜ የጀርመን ሸፐርድ ወይም ክልሱ ነው። ሻጭ «ፒዩር ነው» ይላል፤ ገዥ የቡችላውን ጆሮ፣ የጀርባውን ጥቁረትና የእግሩን ውፍረት አይቶ ይከራከራል። እኔ ግን ይህ ግብይት ዋናውን ነገር ይዘላል ባይ ነኝ፤ ሸፐርድን ሸፐርድ ያደረገው መልኩ ሳይሆን የዘር መዝገቡና የሥራ ፈተናው ነውና። እ.ኤ.አ. በ1899 ማክስ ፎን ሽቴፋኒትስ የተባለ የጀርመን ፈረሰኛ መኮንን ከአንድ የውሻ ትርኢት የበግ ጠባቂ ውሻ ገዝቶ ሆራንድ ፎን ግራፍራት ብሎ ሰየመው፤ በዚያው ዓመት ባቋቋመው ማኅበር መዝገብም ቁጥር 1 አድርጎ አስገባው። ቁመና ብቻ ስለማያጠግበው ለሥራ ብቃትም ፈተና ወጣ፤ የመጀመሪያው ውድድር በ1901 ተካሄደ። ፈተናው ዱካ መከተል፣ መታዘዝና መከላከል የሚባሉ ሦስት ክፍሎች አሉት፤ እያንዳንዱ ከ100 ነጥብ ይያዛል። በመከላከሉ ውሻው የተደበቀውን ሰው ያገኘዋል፤ ሰውዬው ካልተንቀሳቀሰ መጮህ እንጂ መንከስ አይፈቀድለትም። ነክሶም ከሆነ አሠልጣኙ «ልቀቅ» ሲለው መልቀቅ አለበት፤ እምቢ ካለ ይወድቃል። በር ላይ የምንኩራራበት «ኃይለኛ» ውሻ ስንቱ ይህን ያልፍ ይሆን?

«አዲስ ደም የማያስገባ የተዘጋ መዝገብ በሽታ ይወልዳል» የሚሉ አሉ፤ አልተሳሳቱም። ዘመድ ከዘመድ ሲዳቀል ጉድለቱም አብሮ ይከማቻል፤ የሸፐርድ የዳሌ መገጣጠሚያ ችግር የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ችግሩን ለይቶ የሚያሳየውም ያው መዝገብ ነው፤ የጀርመኑ ማኅበር ለማዳቀል የዳሌ ራጅ የሚጠይቀው ለዚህ ነው። ደግሞም መዝገብ ሲያስፈልግ ይከፈታል። ዳልሜሽያን የሚባለው የውሻ ዘር ሁሉ የዩሪክ አሲድ ችግር ይወርስ ስለነበር፣ በ1973 አንድ አሜሪካዊ የዘረመል ሊቅ ፖይንተር ከሚባል ሌላ ዘር ጋር አዳቀለው፤ የአሜሪካ ኬነል ክለብ ዝርያዎቹን በ2011 ተቀበለ። ያው ክለብ ከአፍሪካ የመጡ ባሴንጂ የሚባሉ ውሾችን ለማስገባት በ1990 መዝገቡን ከፍቶ ነበር።

«እዚህ ማን መዝገብ ያያል? የሐበሻው ውሻ ይበቃናል» ለሚለው ደግሞ፣ ሌሊቱን ሙሉ ነቅቶ ለሚጮህ ጠባቂማ ይበቃል፤ ወጪውም ትንሽ ነው። ለሸፐርድ ብዙ ብር የሚያወጣ ሰው ግን የሚገዛው ቆዳ ብቻ መሆን የለበትም። የሁለት ወር ቡችላ ዳሌ ወደፊት ምን እንደሚሆን በዓይን አይታወቅም፤ የሚታየው የወላጆቹ ራጅ ነው። እናቲቱን ግቢዋ ድረስ ሄዶ ማየት፣ እንግዳ ሲገባ ምን እንደምታደርግና ባለቤቷ ሲጠራት መመለሷን መከታተል ይቻላል። ከዘር ሐረግ ወረቀት በፊት ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ካርድ ይጠየቅ፤ ያ የሌለው ሻጭ ስለ ጀርመን አያቶች ቢያወራ ዋጋ የለውም።