ዲስኩ ቶርኖ ገብቶ ፔዳሉ ለምን ይንቀጠቀጣል?

ከማዘጋጃ ቤት በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ስትወርዱ የፍሬን ፔዳሉ እግራችሁን እየመታ ከመለሰ፣ መሪውም ከተንቀጠቀጠ፣ ዲስኩ ትናንት ከቶርኖ ቤት የወጣ ቢሆንም ሥራው አላለቀም።

ብዙ ሰው ወዲያው ቶርኖ ሠራተኛውን ይወቅሳል። እኔ መጀመሪያ የማየው ዲስኩ የሚቀመጥበትን ሞዞ ነው። እዚያ የቀረች ስስ ዝገት ልሙጡን ዲስክ አጣማ ታስቀምጠዋለች። ብዙ አምራቾች የሚፈቅዱት ውልግድና ከ0.05 እስከ 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአንድ ወረቀት ውፍረት አይበልጥም። ሞዞውን በብረት ብሩሽ አጽዱ፣ ዲስኩን ግጠሙ፣ እዚያው መኪናው ላይ እያዞራችሁ ለኩት። ሞዞው ራሱ የሚወዛወዝ ከሆነ ኩሽኔታው አልቆ ሊሆን ይችላል፤ ዲስክ ደጋግሞ ማስጠረብ ገንዘብ ማባከን ነው።

ቀጥሎ የጎማው ዳዶዎች። ጎሚስታው አንዱን ጥርቅም፣ ሌላውን ላላ አድርጎ ካሰረ የተስተካከለው ዲስክ መልሶ ይጣመማል። በኮከብ ቅርጽ እያፈራረቁ ማሰር ነው፤ ለብዙዎቹ ኮሮላዎች 103 ኒውተን ሜትር ይበቃል። በእግር ቁልፉ ላይ መቆም ምን ይባላል?

ፔዳሉ ሳይንቀጠቀጥ ያለው ጩኸት ብቻ ከሆነ አሮጌው የፍሬን ሸራ ተመልሶ ገብቶ ይሆናል።

ዲስኩ ላይ ከተቀረጸው ዝቅተኛ ውፍረት በታች ከወረደ ግን አይጠረብም፤ ይቀየራል። ሁሉን ገጥማችሁ ስትጨርሱ መኪናው ሳይነሳ ፔዳሉን እስኪጠነክር ደጋግማችሁ ርገጡ። ካልጠነከረ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ቁልቁለት እንዳትሞክሩት።