በመደርደሪያው ላይ የሌለው መጽሐፍ

በአንድ ቤተ መጻሕፍት የማጣቀሻ ክፍል ተቀምጬ ሳነብ፥ የመመረቂያ ጽሑፉን የሚያዘጋጅ አንድ ወጣት በደብተሩ ላይ በጥንቃቄ የገለበጣቸውን የአምስት መጻሕፍት አርእስት ይዞ ወደ ባለሙያዋ ቀረበ። የደራሲው ስም አለ፥ የታተመበት ዓመት አለ፥ የማተሚያ ቤቱ ስም ሳይቀር አለ፤ ባለሙያዋ ግን በኮምፒውተሩ ብትፈልግ፥ የካርድ መሳቢያዎቹንም አንድ በአንድ ብትስብ፥ ከአምስቱ አንዱን እንኳ አላገኘችም። «ልጄ፥ ይህን ማን ሰጠህ?» ብትለው «ቻትጂፒቲ ነው፥ እትዬ» አላት። ነገሩ ለእርስዋ አዲስ አልነበረምና ፈገግ ብላ ወንበር አሳየችው።

የወጣቱ ስሕተት የብዙ ሰው ስሕተት ነው። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የዓለም መጻሕፍት ሁሉ የተጻፉበት ታላቅ መዝገብ ነው፥ ስንጠይቀውም ገጹን ገልጦ ያነብልናል የሚል እምነት በሊቁም በጨዋውም ዘንድ ሰፍኖ ይገኛል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም፤ ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሕዝብ እጅ የገባው ቻትጂፒቲና መሰሎቹ፥ ስፍር ቁጥር ከሌለው ጽሑፍ የቃላትን አካሄድ ተምረው፥ ከተጻፈው ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን ቃል በግምት እየመረጡ ዐረፍተ ነገር የሚቀጥሉ መሣሪያዎች ናቸውና፥ ከካታሎግ ጋር ካልተገናኙ በቀር፥ መጽሐፍ ሲጠየቁ መጽሐፍ የሚመስል አርእስት ይሰጣሉ። ሐሰተኛ ናቸው እንዳንል የሚዋሽ ኅሊና የላቸውም፤ እውነተኛ ናቸው እንዳንል መደርደሪያውን አላዩትም።

ይህ የደረሰው በተማሪ ብቻ አይደለም። በሰኔ 2015 ዓ.ም. በኒው ዮርክ የፌዴራል ፍርድ ቤት ሁለት ጠበቆችና መሥሪያ ቤታቸው፥ ከቻትጂፒቲ ተቀብለው በጽሑፋቸው የጠቀሷቸው ስድስት የፍርድ ውሳኔዎች ከቶ ያልነበሩ ሆነው ስለ ተገኙ 5,000 ዶላር እንዲከፍሉ ተፈርዶባቸዋል። ከሁሉ የሚደንቀው ግን አንደኛው ጠበቃ ተጠራጥሮ የአንዱን ውሳኔ እውነተኛነት ያንኑ መሣሪያ መልሶ መጠየቁ ነው፤ መሣሪያውም «አዎን፥ እውነተኛ ነው» አለው። ተከሳሹን ለራሱ ምስክር አድርጎ መጥራት ማለት ይህ ነው። ዛሬ አስቀድመው ፈልገው ምንጩን የሚያሳዩ ዓይነቶች መጥተዋል፥ የተሻሉም ናቸው፤ ሆኖም ምንጭ መጥቀስና ምንጩ ያለውን በትክክል መናገር ለየብቻ ስለ ሆኑ፥ ገጹን ከፍቶ ከማየት የሚያድን ነገር የለም።

ሁለተኛው ተረት የማጣቀሻ ባለሙያ ሥራ መልስ መስጠት ነውና መልስ ሰጪ መሣሪያ ከመጣ ባለሙያው ምን ይሠራል የሚለው ነው። በ1876 (እ.ኤ.አ.) የዉስተሩ ዐቃቤ መጻሕፍት ሳሙኤል ግሪን፥ ባለሙያው ከአንባቢው ጋር ፊት ለፊት እየተነጋገረ ይርዳው ብሎ ለአሜሪካ የሙያ ባልደረቦቹ ሐሳቡን ካቀረበ ወዲህ፥ የሥራው ቁም ነገር ጥያቄውን መፈለግ መሆኑን በሙያው የኖሩ ሁሉ ያውቁታል። አንድ ሽማግሌ መጥተው «የሕግ መጽሐፍ አላችሁ?» ይላሉ። «የትኛውን ሕግ ፈልገው ነው፥ አባባ?» ትላቸዋለች ባለሙያዋ፤ ጥቂት ዝም ይሉና ወንድማቸው እንደ ሞተ፥ ልጆቹም በቤቱ እንዳልተስማሙ ይነግሯታል። እንግዲህ የሚፈልጉት የ1952 ዓ.ም.ን የፍትሐ ብሔር ሕግ፥ እርሱንም ስለ ውርስ ከሚናገርበት ከቁጥር 826 ጀምሮ መሆኑ የታወቀው በዚያች ዝምታ ውስጥ ነው። መሣሪያው ቢጠየቅ ኖሮ ስለ ሕግ መጻሕፍት በአጠቃላይ ረጅምና ያማረ መልስ ይሰጣቸው ነበር፤ መልሶ መጠየቅ ቢችልም እንኳ አዘውትሮ የሚቀድመው መልሱ ነውና።

ስለ አማርኛ የሚነገረው ተረት ደግሞ በሁለት ወገን የተከፈለ ነው፤ አንዱ መሣሪያው አማርኛን እንደ እንግሊዝኛ ያውቃል ይላል፥ ሌላው ምንም አይረባም ይላል። ሁለቱም ተሳስተዋል። ከ1973 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በማይክሮፊልም ከተነሡትና በሚኒሶታ በኮሌጅቪል ቅጂያቸው ከሚገኘው 9,000 ያህል የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት አብዛኞቹ፥ እንደ ጌታቸው ኃይሌ ያሉ ሊቃውንት ዕድሜያቸውን ሰጥተው ቢዘረዝሯቸውም፥ ዛሬም ሥዕል እንጂ በፊደል የተተየበ ጽሑፍ አይደሉምና መሣሪያው ሊማርባቸው አልቻለም። ደራሲውን ሀዲስ ዓለማየሁን በአባቱ ስም አስቀድሞ «ዓለማየሁ፣ ሀዲስ» ብሎ እንደ ፈረንጅ ሊመዘግበው፥ በ1958 ዓ.ም. የወጣውን ፍቅር እስከ መቃብርንም የዘመን አቈጣጠሩን ሳይለይ ሊጠቅሰው ይችላል። በሌላ በኩል ግን ፍርድ ሳናጓድል እንናገር፦ ተራው ካታሎግ «ኃይለ»ን በብዙኃኑ ኀ የመዘገበውን፥ በሃሌታው ሀ ወይም በሐመሩ ሐ የሚፈልገው አንባቢ ባዶ እጁን ይመለስ ነበር፤ መሣሪያው ግን አንዱን ስም በየፊደሉ ዘርዝሮ በአንድ አፍታ ያቀርባል። እኔ ይህን ያህል የሚጠቅም ሥራውን አላየሁም።

ምሥጢርንም በተመለከተ አንድ ቃል። የአሜሪካ የቤተ መጻሕፍት ማኅበር በ1939 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው የሥነ ምግባር ደንብ ባለሙያው ከአንባቢው የሰማውን ምሥጢር እንዲጠብቅ አዝዟል፤ ለመሣሪያው የተጻፈው ግን በባለቤቱ ኩባንያ ማከማቻ ሊቀመጥ ይችላልና፥ በሽታውንም ሆነ የቤቱን ጠብ የሚጽፍ ሰው ይህን ዐውቆ ይጻፍ።

አንባቢ ሆይ፥ ከመሣሪያው የተቀበሉትን አርእስት ይዘው ወደ ማጣቀሻው ዴስክ ሲቀርቡ፥ ከየት እንዳገኙት ሳያፍሩ አስቀድመው ይንገሩ። ያ ወጣት መጀመሪያ ነግሯት ቢሆን ባለሙያዋ ግማሽ ሰዓት የካርድ መሳቢያ አትስብም ነበር።