ውሻ በመቀመጫው የሚጎተተው ለምንድን ነው?

ውሻችን የኋላ እግሮቿን ወደ ፊት ዘርግታ መቀመጫዋን በሣሩ ላይ መጎተት ስትጀምር፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ በአንድ ቃል «ኮሶ ነው» አለን። እኛም አምነን የትል መድኃኒት ሁለት ጊዜ ሰጠናት። መጎተቱ ግን አልቀረም። ጥቂት ሳምንታት እንዳለፉ ከፊንጢጣዋ አጠገብ የወጣው እብጠት ፈንድቶ ደምና መግል ፈሰሰ። የእንስሳት ሐኪሙ መርምሯት እንደነገረን፣ ጠንቁ ትል ሳይሆን ሁለት ትናንሽ ከረጢቶች ነበሩ።

እነዚህ ከረጢቶች በወንዱም በሴቷም ውሻ ይገኛሉ። ፊንጢጣውን እንደ ሰዓት ፊት ብንመለከተው፣ ቁጥር 4 እና ቁጥር 8 በሚውሉበት ቦታ፣ በውስጠኛውና በውጨኛው ቀለበታዊ ጡንቻ መካከል ተሸጉጠዋል። በግድግዳቸው ያሉት ዕጢዎች እጅግ የሚከረፋ ፈሳሽ ያመነጫሉ። ጠንከር ያለ ዓይነ ምድር ሲያልፍ ከረጢቶቹን ይጫናቸዋል፤ ፈሳሹም በቀጭን ቦይ ይወጣል። ውሾች ሲገናኙ ከኋላ የሚሸታተቱት በከፊል ይህንኑ መታወቂያ ለማንበብ ነው።

ችግሩ ያለው ከቦዩ ላይ ነው። እዚህ ላይ ወደ ሙያችን ብንመለስ አንባቢ ይቅር ይበለን። ፈረንሳዊው ሐኪም ፑዋዜይ በ1840ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እንዳሳየው፣ በቀጭን ቱቦ የሚያልፈው የፈሳሽ መጠን ከቱቦው ሬዲየስ አራተኛ ርቢ ጋር ይመጣጠናል። እብጠት የቦዩን ሬዲየስ በግማሽ ቢያጠብበው፣ ግፊቱ ሳይለወጥ ፍሰቱ ወደ አንድ አሥራ ስድስተኛ ይወርዳል። የተጠራቀመው ፈሳሽ ደግሞ ሲቆይ ይወፍራል፤ ዝልግልግነቱ በእጥፍ ቢጨምር የተረፈው ፍሰት እንደገና ይገመሳል። ሕያው ቦይ የመስታወት ቱቦ ስላልሆነ ስሌቱ ግምት ብቻ ነው፤ ሆኖም ጥቂት መጥበብ ስለምን ብዙ መዘዝ እንደሚያመጣ ያስረዳናል።

የቆዳ አለርጂ አካባቢውን አሳብጦ ቦዩን ያጠብባል። ተቅማጥ ወይም የላላ ዓይነ ምድር ከረጢቱን የሚጫነውን ኃይል ይቀንሳል። ከመጠን ያለፈ ውፍረትም አስተዋጽኦ አለው፤ እንደ ቺዋዋና ፑድል ያሉ ትናንሽ ዝርያዎች ይበልጥ ይጠቃሉ። በተደፈነው ከረጢት ውስጥ ባክቴሪያ ሲራባ መግል ይቋጠራል። በአሮጌ ውሻ ላይ የሚገኝ ጠንካራ እብጠት ግን ካንሰር ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮ አይሰጠውም።

ኮሶ አያስጎትትም ማለታችን አይደለም። የሩዝ ፍሬ የሚመስሉ ነጫጭ ቁርጥራጮች በፊንጢጣው ዙሪያ ከታዩ ጎረቤት ልክ ነው። የትል መድኃኒት ግን የተደፈነ ቦይ አይከፍትም፤ እኛ ያባከንናቸው ሳምንታትም የእሷ የሕመም ሳምንታት ነበሩ።

ሐኪሙ ከረጢቱን አጥቦ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት አዘዘላት። ቁስሉ ደርቋል፤ አሁንም በየጊዜው እየወሰድን እናስመረምራታለን።