የፍንጭ ሐቀኝነት፦ የወንጀል ምርመራ ልቦለድን ደግሞ ስለማንበብ

መግቢያ

የወንጀል ምርመራ ልቦለድ፣ በተለምዶ “ዲቴክቲቭ” የምንለው፣ አንባቢ የሞላው ሐያሲ የጎደለው ዘርፍ ነው። ተማሪው ሌሊቱን ሙሉ ሲያነበው ያድራል፤ በማግስቱ ግን በክፍል ውስጥ ስለ መጽሐፉ ማንሣት ያሳፍረዋል። ዘርፉን ዝቅ አድርገው የሚያዩ ሰዎች ዋና መከራከሪያ አንድ ነው። ገዳዩ ከታወቀ በኋላ መጽሐፉ ምንም አይቀረውም፤ ሁለተኛ ንባብ የማይችል ሥራ ደግሞ ከሥነ ጥበብ አይቆጠርም ይላሉ።

መከራከሪያው በቀላሉ የሚጣል አይደለም። አንዴ ተነበው የሚያልቁ ሥራዎች በዘርፉ ውስጥ ሞልተዋል። ይሁን እንጂ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ቀደም ሲል ያነበባቸውን ጥቂት ሥራዎች ሰሞኑን መልሶ ሲያነብ ያገኘው ተቃራኒውን ነው። ደራሲው ለአንባቢው ታማኝ መሆን አለመሆኑ በሚገባ የሚታወቀው በሁለተኛው ንባብ ነው። ስለዚህ የዘርፉ ሥራ መመዘን ያለበት በመልሱ አስደናቂነት ሳይሆን በፍንጩ ሐቀኝነት ነው። ይህን ለማሳየት ሁለት የእንግሊዝኛ ሥራዎችን እንመለከታለን፤ ቀጥሎም ነገሩ ለአማርኛ ልቦለድ ያለውን ፋይዳ እንጠቁማለን። የሥራዎቹ ፍጻሜ ስለሚገለጥ ያላነበባቸው ሰው ይህን ዐውቆ ይቀጥል።

የተሰወረው ታሪክና የሚነገረው ታሪክ

ወንጀልና ምርመራ በሥነ ጽሑፍ ውስጥ አዲስ ነገሮች አይደሉም። በሶፎክልስ ተውኔት ኤዲፐስ ንጉሥ ሆኖ የቀድሞውን ንጉሥ ገዳይ ሲያፈላልግ በመጨረሻ የሚያገኘው ራሱን ነው። ዘርፉ ራሱን ችሎ የቆመው ግን አሜሪካዊው ኤድጋር አለን ፖ እ.ኤ.አ. በ1841 “የሪው ሞርግ ጎዳና ግድያዎች” የተሰኘውን አጭር ልቦለድ ካሳተመ ወዲህ ነው ይባላል። የፖ አዲስ ነገር ግድያው አይደለም፤ የአንድ ሰው የአስተሳሰብ ሂደት ራሱ የታሪኩ ሴራ መሆኑ ነው። ዘመኑም ለዚህ የተመቸ ነበር። የለንደን ፖሊስ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1829 ሲሆን የወንጀል መርማሪ ክፍሉ የተደራጀው በ1842 ነው። ወንጀለኛን በዱካውና በማስረጃ መፈለግ የመንግሥት ሥራ በሆነበት ዘመን ልቦለዱም መርማሪን ዋና ገፀ ባሕርይ አደረገ።

ስለ ዘርፉ አወቃቀር ጠቃሚ ማብራሪያ ከሰጡት መካከል አንዱ ቱዜቬታን ቶዶሮቭ ነው። ቶዶሮቭ እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው መጣጥፍ እንዲህ ያለው ልቦለድ በውስጡ ሁለት ታሪኮችን እንደሚይዝ ያስረዳል። አንደኛው የወንጀሉ ታሪክ ነው፤ ተፈጽሞ ያለቀና ከዐይናችን የተሰወረ። ሁለተኛው የምርመራው ታሪክ ነው፤ በፊታችን የሚካሄድ፣ ዋና ተግባሩም የመጀመሪያውን ማውጣት የሆነ። በክፍል ውስጥ “ታሪክ” እና “ሴራ” እያልን የምንለያቸው ሁለት ነገሮች በዚህ ዘርፍ በግልጽ ተነጣጥለው ይታያሉ። ሌላው ልቦለድ ልዩነቱን ሲሸፍን ይህኛው ሥራዬ ብሎ ያሳያል።

ከዚሁ ጋር የሚያያዝ ሌላ ልዩነት አለ። ብዙ ጊዜ “ልብ ሰቀላ” እያልን በአንድ ስም የምንጠራው ስሜት በእርግጥ ሁለት ነው። አንዱ ወደፊት ያያል፤ “ይህ ሰው ምን ይደርስበት ይሆን?” ይላል። ሌላው ወደኋላ ያያል፤ “ይህ ነገር እንዴት ሆነ?” ይላል። የስለላና የጀብዱ ልቦለድ በመጀመሪያው ሲንቀሳቀስ የምርመራ ልቦለድ የሚንቀሳቀሰው በሁለተኛው ነው። ወደኋላ የሚያየው ጉጉት የሚረካው ደግሞ አንባቢው ያለፈበትን መንገድ ተመልሶ ማየት ሲችል ብቻ ነው።

ያልጮኸው ውሻ

የመጀመሪያው ማሳያችን አርተር ኮናን ዶይል እ.ኤ.አ. በ1892 ያሳተመው “ሲልቨር ብሌዝ” ነው። አንድ ዝነኛ የእሽቅድምድም ፈረስ ከጋጣው ይጠፋል፤ አሠልጣኙም ጭንቅላቱ ተፈርክሶ ሜዳ ላይ ሞቶ ይገኛል። በዚያው ምሽት በጋጣው አካባቢ ሲያንዣብብ የታየ እንግዳ ሰው ተጠርጥሮ ይታሰራል። ጋጣውን ይጠብቅ የነበረው ልጅ ራቱ ውስጥ በተጨመረ የኦፒየም ዱቄት ደንዝዞ ተኝቷል።

ሼርሎክ ሆልምስ ነገሩን የሚፈታው በሁለት ፍንጮች ነው። የመጀመሪያው ራቱ ነው። ልጁ የበላው በካሪ የተሠራ የበግ ወጥ ነበር። የኦፒየም ዱቄት ጣዕም አለው፤ በተራ ምግብ ውስጥ ቢገባ ይታወቃል። ቅመሙ ኃይለኛ የሆነ ወጥ ግን ይሸፍነዋል። ከውጭ የመጣ ሰው የዚያን ምሽት ወጥ በካሪ እንዲሠራ ማዘዝ አይችልም፤ ያን ማድረግ የሚችል የቤቱ ሰው ነው። ሁለተኛው ፍንጭ ውሻው ነው። በጋጣው ውስጥ ውሻ ነበረ፤ በሌሊት ሰው ገብቶ ፈረሱን ሲያወጣ ግን አልጮኸም። ስለዚህ የገባው ሰው ውሻው የሚያውቀው ነው። ሁለቱ ፍንጮች ሲገናኙ የሚያመለክቱት አሠልጣኙን ራሱን ነው። ፈረሱን በድብቅ አስነክሶ ውድድሩን ለማሸነፍ የማይችል ሊያደርገው ወደ ሜዳ አወጣው፤ የደነገጠው ፈረስ ረግጦ ገደለው።

ሁለተኛ ንባብ እዚህ ላይ ምን ይሰጠናል? ወጡ ካሪ መሆኑ ገና ከጅምሩ፣ ነገሩ በተራ አነጋገር ሲተረክ ተነግሮን ነበር። ውሻው መኖሩም እንዲሁ። ደራሲው የደበቀው አንዳች መረጃ የለም፤ የደበቀው የመረጃውን ክብደት ነው። በተለይ የውሻው ነገር ለሥነ ጽሑፍ ተማሪ ትልቅ ትምህርት ነው። በቅጥር ውስጥ ያደገ ሰው ሁሉ ውሻ ለማን እንደሚጮኽና ለማን እንደማይጮኽ ያውቃል፤ ሆኖም ዕውቀቱን በንባቡ ውስጥ ሳይሠራበት ያልፋል። የተነገረውን ብቻ ሳይሆን መሆን ሲገባው ያልሆነውንም ማንበብ እንዳለብን ዶይል በአንድ ዝም ባለ ውሻ ያስተምረናል።

ተራኪው ሲታመንና ሳይታመን

ሁለተኛው ማሳያ የአጋታ ክሪስቲ “የሮጀር አክሮይድ ግድያ” (እ.ኤ.አ. 1926) ነው። ታሪኩን በአንደኛ መደብ የሚተርክልን የመንደሩ ሐኪም ዶክተር ሼፐርድ ነው። ሐኪሙ መርማሪውን ኤርኩል ፖሮን እየተከተለ ያየውን ይጽፋል። የሆልምስ ጓደኛ ዋትሰን የለመድነው ታማኝ ተራኪ ስለሆነ ይህንንም ሳንጠይቅ እናምነዋለን። በመጨረሻ ገዳዩ ተራኪው ራሱ ሆኖ ይገኛል።

መጽሐፉ እንደወጣ ደራሲዋ አጭበርብራለች የሚል ክርክር ተነሥቶ ነበር። ክርክሩን መዳኘት የሚችለው ሁለተኛው ንባብ ነው። ተራኪው ከሟቹ ጋር ስለነበረበት ምሽት ሲጽፍ ሁለት ሰዓቶችን ይጠቅሳል፤ በእኛ አቆጣጠር ደብዳቤው የመጣው ከምሽቱ 2፡40 ላይ ሲሆን እሱ ክፍሉን ለቆ የወጣው 2፡50 ላይ ነው። በመካከሉ ያለው ዐሥር ደቂቃ አይተረክም። ግድያው የተፈጸመው በእነዚያ ዐሥር ደቂቃዎች ውስጥ ነው። ዶክተሩ ቃል በቃል የዋሸው ነገር የለም፤ ዘለለ እንጂ። እኛም ክፍተቱን በራሳችን እምነት ሞላነው።

ሮናልድ ኖክስ እ.ኤ.አ. በ1929 ለዘርፉ ባወጣቸው ዐሥር ደንቦች መርማሪው ያገኘውን ፍንጭ ሁሉ ለአንባቢው ወዲያው ማሳየት እንዳለበት፣ የመርማሪው ጓደኛም ሐሳቡን መደበቅ እንደማይገባው አስፍሯል። በሁለተኛው ደንብ ክሪስቲ ጥፋተኛ ናት። በደንቦቹ መንፈስ ግን ነጻ ናት ለማለት ይቻላል፤ ክፍተቱን በሰዓት ለክታ ፊታችን አስቀምጣለችና። ስለ ተራኪ ተአማኒነት በክፍል ውስጥ በንድፈ ሐሳብ የምንማረውን ይህ መጽሐፍ በገዛ ስሕተታችን ያስተምረናል።

ሌባሻይና መርማሪ

ወደ አገራችን ስንመለስ ወንጀለኛን የመፈለጊያ የቆዩ ሥርዓቶች ነበሩን። በሌባሻይ ሥርዓት አንድ ልጅ መድኃኒት ጠጥቶ ይለቀቃል፤ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። በዐውጫጭኝ ወይም በአፈርሳታ ደግሞ የአካባቢው ሰው በሙሉ ይሰበሰባል፤ የሚያውቅ ሰው እውነቱን እስኪያወጣ ድረስም ይመላለሳል። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ በእንግሊዝኛ የጻፈው “ዘ አፈርሳታ” የተሰኘ ልቦለድ የሚነሣው ከአንድ ሰው ጎጆ መቃጠል ነው። የመጽሐፉ ክብደት ግን ያቃጠለው ማን ነው ከሚለው ይልቅ በጉባኤውና በኅብረተሰቡ ኑሮ ላይ ያርፋል።

እነዚህ ሥርዓቶች ለልቦለድ ጸሐፊ የሚያቀርቡት ጥያቄ “እውነት ከየት ትመጣለች?” የሚል ነው። በሌባሻይ ፍርዱ ይታያል፤ ወደ ፍርዱ የተደረሰበት መንገድ ግን አይታይም፤ ተመልካቹ ሊያጣራው አይችልም። በዐውጫጭኝ እውነት የምትመጣው ከምስክር አንደበት ነው። በምርመራ ልቦለድ ግን የምትመጣው ማንም ሰው ደግሞ ሊያየው ከሚችለው ዱካ ነው።

በአማርኛ የስለላው ዘርፍ በማሞ ውድነህ ትርጉሞች አማካይነት ብዙ አንባቢ አፍርቷል፤ በወንጀል ምርመራው ደግሞ የይልማ ሀብተየስ ስም ቀድሞ ይነሣል። የበዓሉ ግርማ “ኦሮማይ” (1975 ዓ.ም.) ስለላን ከፍቅርና ከጦርነት ጋር አጣምሯል፤ የይስማዕከ ወርቁ “ዴርቶጋዳ” (2001 ዓ.ም.) ምስጢር ፍለጋን ለአዲሱ ትውልድ አንባቢ አቅርቧል። እነዚህን መሰል ሥራዎች ስናጠና ከላይ የለየናቸውን ሁለቱን ጉጉቶች መለየት ይገባናል። ወደፊት በሚያየው ጉጉት የቆመን ሥራ ፍንጭ አላስቀመጠም ብሎ መውቀስ አግባብ አይደለም። ወደኋላ የሚያይ ጉጉት የቀሰቀሰ ደራሲ ግን ዕዳ ገብቷል። ወንጀለኛው በመጨረሻው ምዕራፍ በድንገት ተናዝዞ ነገሩ ቢያበቃ፣ ወይም ከዚህ በፊት ያልተጠቀሰ ምስክር ከየትም ቢመጣ፣ ያ ደራሲ ሌባሻይ ላከብን እንጂ አልመረመረም።

ማጠቃለያ

ፖ የአስተሳሰብን ሂደት ሴራ አደረገ፤ ዶይል ፍንጩን በተራ ነገሮች መካከል አኖረ፤ ክሪስቲ ደግሞ በተራኪው ዝምታ ውስጥ አስቀመጠችው። ሦስቱም አንባቢውን እንደ ዳኛ ቆጥረው ማስረጃውን ፊቱ አቅርበዋል። መልሱን ካወቅን በኋላ ወደ መጀመሪያው ገጽ ስንመለስ ፍንጩ በቦታው ከተገኘ ደራሲው ቃሉን ጠብቋል፤ እኛም በምን ምክንያት እንዳላየነው እንማራለን። ካልተገኘ ጥፋቱ የእኛ አይደለም።

ስለዚህ ዘርፉን ለማጥናት የሚፈልግ ተማሪ አንድ ቀላል ሥራ ቢጀምር መልካም ነው። የወደደውን አንድ የአማርኛ ሥራ ይምረጥ፤ ፍጻሜውን ዐውቆ ከመጀመሪያው ያንብበው፤ ወደ መልሱ የሚያመሩትን ዐረፍተ ነገሮች ገጻቸውን እየጠቀሰ ይመዝግብ። ዝርዝሩ ሲያልቅ ስለዚያ ደራሲ የሚሰጠው ፍርድ በማስረጃ ላይ የቆመ ይሆናል።